ቀዶ ሕክምናው ግማሽ መንገድ ነው፦ የሐሞት ቧንቧ ካንሰርና ቀጣዮቹ ስድስት ወራት

ባሕር ዳር፦ ወቅቱ የመኸር ሰብል የሚሰበሰብበት፣ አርሶ አደሩም የዓመት ድካሙን ዋጋ በእጁ የሚያገኝበት ነው። በዚሁ ወቅት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት ይታደሳል፤ ያደረ ዕዳ ይከፈላል፤ ሲንከባለል የቆየ ሕክምናም "ከአጨዳ በኋላ" ይባልለታል። ለብዙ ሕመሞች ይህ ልማድ የከፋ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለአንዳንዶቹ ግን ከአጨዳ በኋላ ማለት ጊዜው ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ነው፤ በተለይም ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላ የሚመጣው የሕክምና ምዕራፍ።

ይህ ካንሰር እንደ ጡት ወይም እንደ ማኅፀን በር ካንሰር ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። አስቸጋሪነቱ በዝምታው ላይ ነው። አብዛኛው ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት በማይቻልበት ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ በጊዜ ደርሶ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ሰው ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ለዚያ ቀን ሲባል በሬ ተሽጧል፤ ዘመድ አዝማድ አዋጥቷል፤ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ አስታሟል። ታካሚው ቁስሉ ደርቆ፣ የዓይኑ ቢጫነት ጠፍቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ ቤተሰቡ "ተገላገልን" ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕክምናው ገና አላለቀም። ከባዱ ወጪ ከተከፈለና ከባዱ ሥቃይ ከታለፈ በኋላ የቀረው ግማሽ መንገድ ከተቋረጠ፣ የመጀመሪያው ግማሽም ዋጋውን ሊያጣ ይችላል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐሞት ጉበት የሚያመነጨው፣ ቅባት እንዲፈጭ የሚያግዝ ፈሳሽ ነው። ከጉበት ወደ ትንሹ አንጀት የሚያደርሱት ቧንቧዎች አሠራራቸው ከመስኖ ቦይ ጋር ይመሳሰላል። በጉበት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቦዮች እየተገናኙ ይመጡና በጉበት መውጫ ላይ አንድ ዋና ቦይ ይሆናሉ። ዋናው ቦይ በቆሽት ራስ በኩል አልፎ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። ካንሰሩ በሦስት ሥፍራ ሊነሣ ይችላል፦ በጉበት ውስጥ ባሉት ቅርንጫፎች፣ በጉበት መውጫ ላይ ባለው መገናኛ፣ ወይም ወደ አንጀት በሚጠጋው የታችኛው ክፍል። ከሦስቱ የሚበዛው በመገናኛው ላይ የሚነሣው ነው።

ቦዩ ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሁሉ ሐሞትም ወደ ደም ይመለሳል። ያን ጊዜ የዓይን ነጩ ክፍልና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ዐይነ ምድር ቀለሙን አጥቶ ይነጣል፤ ሰውነት ያሳክካል፤ ክብደት ይቀንሳል።

በአገራችን ይህ ቢጫነት ከጥንት ጀምሮ "የወፍ በሽታ" በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ የአንድ ሕመም ቢመስልም ቢጫነት የብዙ ሕመሞች ምልክት ነው። የጉበት ቫይረስ፣ በሐሞት ቧንቧ የተሰነቀረ ጠጠር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የቆሽት ራስ ካንሰርና የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ሁሉም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። በመሆኑም ሁሉንም "የወፍ በሽታ" ብሎ በቅጠልና በመተኮስ ለማዳን መሞከር በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችለውን ሰው ጊዜ ይወስድበታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ለእርሱ ተመልሶ የመጣ ቢጫነት ለአንድ ሳምንት እንኳ የሚታለፍ ምልክት አይደለም።

በከብት እርባታ ላይ ያሉ አንባቢዎች "የጉበት ትል ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ የእኛ በጎችና ከብቶች ደግሞ የጉበት ትል አለባቸው" ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። በዓለም ላይ ይህ ካንሰር በብዛት የሚታይበት የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ከሩዝ ማሳና ከኩሬ የሚያጠምዱትን ዓሣ ሳይበስል የመመገብ ልማድ ስላላቸው በዓሣው ውስጥ የሚኖር የጉበት ትል ወደ ሐሞት ቧንቧቸው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ የመደባቸው የጉበት ትሎች በእስያ የሚገኙት እንዲህ ያሉ በዓሣ የሚተላለፉ ዝርያዎች ናቸው። በእኛ በጎችና ከብቶች ላይ የሚታየው የጉበት ትል ከእነዚህ የተለየ ዝርያ ነው። ለሐሞት ቧንቧ ካንሰር ከሚያጋልጡ ሌሎች ምክንያቶች መካከል ለረጅም ጊዜ የቆየ የሐሞት ቧንቧ መቆጣት፣ በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠር ጠጠር፣ እንዲሁም የጉበት ቫይረስ "ቢ" እና "ሲ" ይገኙበታል። ብዙ ታካሚዎች ዘንድ ግን ግልጽ መነሻ አይገኝም።

ቀዶ ሕክምናው የሚተወው ዘር

ዕጢው ከላይ ሲሆን ቀዶ ሐኪሙ የጉበቱን ክፍል ከቧንቧው ጋር ያወጣል። ከታች ሲሆን የቆሽቱን ራስና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ጨምሮ ያወጣል። ከዚያም የቀረውን የሐሞት ቧንቧ ከአንጀት ጋር ይሰፋል። ይህ በሆድ ዕቃ ላይ ከሚደረጉ እጅግ ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ በተሟላ ሆስፒታልና ልምድ ባለው ቡድን ብቻ ይሠራል።

ማሳን ደጋግሞ ያረሰ አርሶ አደር አንድ ነገር ያውቃል። አረሙ ተነቅሎ ማሳው ንጹሕ ቢመስልም አፈር ውስጥ የቀረ ዘር ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ካንሰርም እንዲሁ ነው። በዓይንም ሆነ በሲቲ ስካን የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት በደም ወይም በንፍፊት መንገድ ቀድመው ወጥተው ሊሆን ይችላል። በሐሞት ቧንቧ ካንሰር ዕጢው ተመልሶ የሚመጣባቸው ታካሚዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከሚመለሰውም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይታያል። ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡት ተከታይ ሕክምና ዓላማው ይህንን የማይታይ ዘር ገና ሳይበቅል ማጥፋት ነው።

የሥጋቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። የሚለካውም ከሰውነት የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ ተመርምሮ በሚሰጠው ውጤት ነው። ሁለት ነገሮች በተለይ ይታያሉ፦ የተቆረጠበት ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑና በአቅራቢያው ያሉ ንፍፊቶች መነካታቸው ወይም አለመነካታቸው። ቀጣዩ ውሳኔ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ውጤት ላይ ነው። ስለሆነም ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ መውጣት፣ ውጤቱ ገና ከሆነም መቼና ከማን እንደሚቀበል ማወቅ አለበት።

ማስረጃው ምን ይላል?

ከቀዶ ሕክምና በኋላ መድኃኒት መስጠት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ለሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ጠንካራ መልስ አልነበረም። በግብርና ምርምር አንድ ማዳበሪያ መጥቀሙ የሚታወቀው አንዱ መደብ ማዳበሪያ ተደርጎበት፣ ሌላው ሳይደረግበት ቀርቶ ምርታቸው ሲነጻጸር ነው። የትኛው መደብ ምን እንደሚያገኝ የሚወሰነውም በዕጣ ነው፤ ለም የሆነውን መርጦ ማዳበሪያ የጨመረ ተመራማሪ ራሱን ያታልላል። በሕክምናም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው።

በዚህ መንገድ የተሠራው ዋናው ጥናት የእንግሊዞቹ "ቢልካፕ" ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2014 በ44 ሆስፒታሎች ውስጥ የሐሞት ቧንቧ ወይም የሐሞት ከረጢት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 447 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ካፔሲታቢን የተባለውን የሚዋጥ የካንሰር መድኃኒት ለስድስት ወራት ወሰደ፤ ሌላው በክትትል ብቻ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት መድኃኒቱ ከተመደበላቸው ግማሾቹ 51 ወራት ገደማና ከዚያ በላይ በሕይወት ሲቆዩ፣ በክትትል ብቻ ከነበሩት ግን ግማሾቹ የቆዩት 36 ወራት ገደማና ከዚያ በላይ ነበር።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሁሉም ተሳታፊ ሲቆጠር ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ በስታቲስቲክስ መመዘኛ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። በጥናቱ ዕቅድ መሠረት የታከሙት ብቻ ሲታዩ ግን 53 ወር ለ36 ወር ሆኖ ልዩነቱ ጎላ። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ታካሚዎች የስድስት ወር ካፔሲታቢን እንዲሰጥ የሚመክር መመሪያ አወጣ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጃፓን መጣ። በ38 ሆስፒታሎች 440 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት የፈተነው "ኤስ ዋን" የተባለውን የዚሁ የመድኃኒት ቤተሰብ የሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መድኃኒቱ ከተመደበላቸው መካከል ከመቶ 77፣ ካልተመደበላቸው መካከል ደግሞ ከመቶ 68 ገደማ ነበሩ። በሁለት አገር፣ በሁለት የተለያዩ ሕዝቦች፣ ተቀራራቢ በሆኑ መድኃኒቶች ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት መገኘቱ ሚዛን ይደፋል።

በአንጻሩ በጃፓን ጀምሲታቢን የተባለው የመርፌ መድኃኒት ብቻውን፣ በፈረንሳይ ደግሞ ጀምሲታቢን ከኦክሳሊፕላቲን ጋር ተጣምሮ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተፈትኖ ጥቅሙ አልተረጋገጠም። "በደም ሥር የሚሰጠው ይበረታል፣ ኪኒን ምን ይሠራል" የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ሕመም ላይ አይሠራም። የጨረር ሕክምናም ቢሆን ለሁሉም የሚታዘዝ አይደለም፤ የሚታሰበው በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ ካንሰር ለተገኘበት ሰው ነው። የጨረር መሣሪያ በአገራችን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ቆይቶ በኋላ እንደ ጅማና ሐረማያ ወዳሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መስፋፋት ጀምሯል።

ለአንባቢ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። መድኃኒቱ ካንሰሩ አይመለስም የሚል ዋስትና አይሰጥም። የሚያደርገው ዕድልን ማሻሻል ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግን አንድ ተጨማሪ ዓመት ማለት ልጅ የሚዳርበት፣ መሬት ለወራሽ በሥርዓት የሚተላለፍበት ወይም ተማሪ የሚመረቅበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ስድስቱ ወራት በገጠር ቤት

ካፔሲታቢን ለ14 ቀናት ጠዋትና ማታ ይዋጣል፤ ከዚያ ለ7 ቀናት ይታረፋል። ይህ አንድ ዙር ነው። ስምንት ዙር ሲሞላ 24 ሳምንት ይሆናል። መድኃኒቱ የሚጀመረው ቁስሉ ካገገመ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በ8 እና በ12 ሳምንታት መካከል ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ በሰኔ መጀመሪያ የጀመረ ሰው የሚጨርሰው በኅዳር አጋማሽ ነው፤ ከእርሻ እስከ አጨዳ ያለው ጊዜ ሁሉ በሕክምና ያልፋል። በኅዳር መጀመሪያ የጀመረ ደግሞ የሚጨርሰው ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾምን ያቋርጣል። ከሰው ሕይወት ጋር የሚጋጨውም ሆነ የሚስማማው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስለሆነ ከመጀመሩ በፊት መታሰብ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ምግብ ነው። መድኃኒቱ የሚዋጠው ምግብ ከተበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ በውኃ፣ በጠዋቱና በማታው መካከል 12 ሰዓት ያህል ተጠብቆ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ወይም በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ይህንን ሊያደርግ አይችልም። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ታካሚ አፍሮ ሳይጠይቅ፣ ሐኪሙም ሳይጠይቀው ይቀርና መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ይዋጣል ወይም የጠዋቱ ይዘለላል። ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሕክምናው አካል ተደርጎ ቢወሰድ ይጠቅማል። አንድ ጊዜ የተረሳ መድኃኒትም በቀጣዩ ሰዓት እጥፍ ተደርጎ አይዋጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ እጅና እግር ነው። የዚህ መድኃኒት ዋነኛ የጎንዮሽ ጉዳት የመዳፍና የውስጥ እግር መቅላት፣ ማቃጠል፣ መላላጥና መሰነጣጠቅ ነው። በእንግሊዙ ጥናት መድኃኒቱን ከጀመሩት አምስት ሰዎች አንዱ ይህ ችግር በከባድ ደረጃ ደርሶበታል። በቢሮ ለሚውል ሰው ይህ ምቾት የሚነሣ ችግር ነው። እርፍ ለሚጨብጥ፣ ማጭድ ለሚይዝ፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ለሚረግጥ አርሶ አደር ግን ሥራ የሚያስቆም ነው። ከምጣድ ላይ እንጀራ ለምታወጣ፣ በሙቅ ውኃ ዕቃ ለምታጥብ፣ እንስራ ለምታዝል እናትም እንዲሁ። ሙቀትና ፍትጊያ ጉዳቱን ያባብሱታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅና እግርን በቫዝሊን ማለስለስ፣ የማያጠብቅ ጫማና የጥጥ ካልሲ ማድረግ፣ ሙቅ ውኃን መራቅ ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ቤተሰቡ እርሻውን በወንፈል፣ በደቦ ወይም በእኩል ለማሠራት አስቀድሞ ቢመክር ታካሚው ከሥራና ከመድኃኒት አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም።

መዳፉ የተላላጠ ሰው መድኃኒቱን ደብቆ መተውም ሆነ ጥርሱን ነክሶ መቀጠል የለበትም። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ለጥቂት ቀናት ያስቆማል። በእንግሊዙ ጥናት ስምንቱንም ዙር የጨረሱት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ሲሆኑ ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ መጠን ተቀንሶላቸዋል። ስለዚህ መጠን ማስቀነስ ሽንፈት አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ቤት ውስጥ ሊታከሙ የማይገባቸው ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ብርድ ብርድ ሲል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት ስለሚቀንስ ተራ የሚመስል ልክፍት ሊገድል ይችላል። ከተለመደው በላይ በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያስቀምጥ ተቅማጥ፣ ምግብ የሚከለክል የአፍ ቁስል ወይም የማይቆም ማስመለስ ሲመጣ መድኃኒቱን አቁሞ፣ ኦአርኤስ እየጠጡ ሐኪም ማግኘት ይገባል። ድንገተኛ የደረት ሕመምም መድኃኒቱን ወዲያው የሚያስቆም ነው። ጥቂት ሰዎች በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው ገና በመጀመሪያው ዙር እጅግ የከፋ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከሁሉም የበለጠ ንቃት ይፈልጋሉ።

ሌሎች መድኃኒቶችም ይታያሉ። የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን እንዲሁም ፎሊክ አሲድ ከካፔሲታቢን ጋር ስለሚጋጩ ለሐኪሙ መነገር አለባቸው። የባሕል መድኃኒትም ከሆነ ሳይደበቅ ይነገር። ጠበል የሚጠመቅ ታካሚ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይኖርበትም፤ ሁለቱ ሊጣሉ የሚገባቸው አይደሉም።

ከመድኃኒቱ በኋላ

ስምንቱ ዙር ሲያልቅ ክትትሉ አያልቅም። በተለመደው አሠራር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከዚያም እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ የአካል ምርመራ፣ የጉበት የደም ምርመራና እንደ ሲቲ ስካን ያለ የምስል ምርመራ ይደረጋል። "ሲኤ 19-9" የሚባለው የደም ምልክትም ይለካል። ይህ ምልክት ግን ካንሰር ሳይኖር በሐሞት መዘጋት ብቻ ሊጨምር ስለሚችል በአንድ ቁጥር ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

የቧንቧና የአንጀት ስፌት ያለበት ሰው ሌላ የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ አለው። ስፌቱ ሲጠብብ ወይም ጀርም ወደ ላይ ሲወጣ የሐሞት ቧንቧ ይመረቅዛል። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ብርድ ማንቀጥቀጥና ቢጫነት ናቸው። ሦስቱ በአንድነት ከታዩ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ የግድ ነው። በቆላ አካባቢዎች ይህ ትኩሳት በቀላሉ "ወባ ነው" ይባላል። የወባ ምርመራው ይደረግ፤ ነገር ግን ታካሚው ወይም አስታማሚው "የሐሞት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና አድርጓል" የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ለባለሙያው ሳይናገሩ እንዳይመለሱ። የቆሽቱ ራስ የወጣለት ሰው ደግሞ ቅባት ያለው፣ የሚንሳፈፍ ዐይነ ምድር ካየ ወይም ውኃ ጥምና ሽንት ከበዛበት መናገር ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው የምግብ መፍጫ ኢንዛይም እጥረት፣ ሁለተኛው የስኳር ሕመም ምልክት ነው።

ርቀት፣ ገንዘብና መዋቅር

በክልላችን የካንሰር መድኃኒት ሕክምና ክፍል ካላቸው መካከል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የደሴ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከሰቆጣ፣ ከመተማ ወይም ከጃናሞራ ለሚነሣ ሰው ግን ሦስቱም ሩቅ ናቸው። እያንዳንዱ ዙር ከመጀመሩ በፊት የደም ሕዋሳት፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። ስምንት ዙር ማለት ቢያንስ ስምንት ጉዞ ነው፤ ከአስታማሚ ጋር አሥራ ስድስት የመሄጃ፣ አሥራ ስድስት የመመለሻ ትኬት። የአልጋና የምግብ ወጪው ከዚህ በላይ ነው። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም አይደርስም። ሕክምናው የሚቋረጠው ታካሚው ስለ ጥቅሙ ስላላወቀ ብቻ ሳይሆን ስምንተኛውን ጉዞ መሸፈን ስላቃተውም ጭምር ነው።

መፍትሔው ሥራውን ከፋፍሎ ማየት ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው ወደ ወረዳ ሊወርድ አይችልም፤ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን መወሰንም የካንሰር ሐኪም ሥራ ነው። መድኃኒቱ ግን የሚዋጥ ነው፤ አልጋም መርፌም አይፈልግም። የደም ሕዋስ ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የክብደትና የትኩሳት ልኬት ደግሞ በየአካባቢው ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሊሠራው የሚገባ ነው። ውጤቱ በስልክ ለካንሰር ሐኪሙ ከደረሰና ቀጣዩ ዙር በስልክ ከተፈቀደ፣ ስምንቱ ጉዞ ወደ ሦስት ወይም አራት ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ለእናቶችና ለሕፃናት የሚያደርገውን የቤት ለቤት ክትትል ካንሰር ላለበት ሰው ማድረግ አያቅተውም። የተላላጠ መዳፍ ለማየትና ትኩሳት ለመለካት አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከሪፈራል ሆስፒታል ወደ ወረዳ የሚመለስ፣ ምን መደረግ እንዳለበት በግልጽ የጻፈ ወረቀት ነው። የእኛ የሪፈር ሥርዓት ታካሚን ወደ ላይ ለመላክ እንጂ ወደ ታች ለመመለስ እምብዛም አልተለመደም።

ሌላው ጉዳይ መድኅኑ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአማራ ክልል ጨምሮ በአገሪቱ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። አባል የሆነ ቤተሰብ የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቆ ውል በገቡ የመንግሥት ተቋማት ይታከማል። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ከጠፋ ግን ታካሚው ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፤ መድኅኑም በዚያ በር ላይ ይቆማል። የስድስት ወር መድኃኒት ከመሐል ሲቋረጥ የሚጎዳው ታካሚው ብቻ አይደለም፤ ለቀዶ ሕክምናው የወጣው የመድኅኑ የራሱ ገንዘብም አብሮ ይባክናል። አንድ ታካሚ ሕክምናውን ሲጀምር የስምንቱም ዙር መድኃኒት ታስቦ እንዲያዝለት ማድረግ ከሆስፒታሎችና ከመድኃኒት አቅርቦት መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ ነው። አባላት ደግሞ በሕክምናው መካከል የአባልነት ዘመናቸው እንዳያልፍ አሁን፣ እህሉ በጎተራ ሳለ፣ ማደስ ይኖርባቸዋል።

ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት

ታካሚውና አስታማሚው ከመውጣታቸው በፊት ሐኪሙን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የላቦራቶሪው ውጤት ምን ይላል፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው ወይ፤ ንፍፊት ተነክቷል ወይ? ተከታይ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ፤ መቼ ይጀመራል? መድኃኒቱ በዚህ ሆስፒታል አለ ወይ፤ ከሌለ ከየት ይገኛል? የደም ምርመራውን በአቅራቢያዬ ማሠራት እችላለሁ ወይ? በሌሊት ትኩሳት ቢይዘኝ ወደ ማን እደውላለሁ? መልሶቹ በወረቀት ላይ ተጽፈው ከመድኅን መታወቂያው ጋር ይቀመጡ።

አቅሙ እጅግ የደከመ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ቁስሉ ያላገገመ ሰው መድኃኒቱ ላይታዘዝለት ይችላል። ያም ቢሆን ውሳኔው ከሐኪም ጋር ተመክሮበት የሚሰጥ እንጂ በትራንስፖርት እጦት ወይም በአጨዳ ምክንያት በራሱ የሚሆን መሆን የለበትም። ሐኪሙ "አያስፈልግህም" ያለው ሰው ሕክምናውን ጨርሷል። ማንም ምንም ሳይለው የቀረ ሰው ግን አልጨረሰም፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ሪፈራል ሆስፒታሎችና የመድኅን ቢሮዎች ተቀናጅተው ዛሬውኑ መፈላለግ ይጠበቅባቸዋል።